ማንም አልጠየቀኝም

ጥር 12 ቀን 2011፣ ጂንካ

አዲሱ አሰልጣኝ «እያንዳንዳችሁ ደብተር ያዙ፣ ልምምዳችሁን ጻፉ» ብሎ አዘዘን። ገዛሁ። ልምምዱን ግን አልጽፍም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላት ሴት ምን ያህል እንደሮጠች የምትጽፈው ለማን ብላ ነው? የሆዴን እጽፍበታለሁ።

ጎሳዬ ይባላል። ከሀዋሳ ነው የመጣው፤ ከኔ ቢበልጥ በሁለት በሦስት ዓመት ነው። ዛሬ ሰብስቦን «እኔ የማሰልፈው ፎርም ነው፣ ስም አላሰልፍም» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ቀጥሎም በስሜ ጠርቶ «አረጋሽ፣ ልምድ እንዳለሽ ሰምቻለሁ። ፍጥነትሽን ደግሞ እናያለን» አለኝ። ሰምቻለሁ ይላል እንጂ! የኔሪ ኮከብ ሴቶች ቡድን ከተቋቋመ ጀምሮ የግቡ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ማሊያ ሳይኖረን በመዘምራን ቲሸርት ስንጫወት፣ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከከብት ጋር ሜዳ ስንካፈል፣ እሱ ያኔ የት ነበር?

ስወጣ ደጋፊያችን ኤርሳዶ ባጃጁ ላይ ተጋድሞ ይጠብቀኛል። ልምምድ አያመልጠውም፤ ሥራ የለውም መሰለኝ። «አዲሱ ሰውዬ እንዴት ነው?» አለኝ። ደህና ነው አልኩት።

ጥር 21

ሱአድን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ይህን አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው፣ በኋላ ሰው ሁሉ እንደሚረሳው አውቃለሁና።

ከኦሞራቴ ነው የመጣችው፤ አባቷ እዚያ ድንበር ላይ ይነግዳል። ለትምህርት ብላ እህቷ ጋ ተቀምጣ ሳለ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ከወንዶች ጋር ስትጫወት አየኋት። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ፣ የመጣውን ኳስ ሁሉ ትቀልባለች። እጇ ትልቅ ነው። ጠርቼ ጓንቴን ሰጠኋት፤ አሮጌውን። ኳስ ሲመጣ ዓይን መጨፈን እንደሌለባት፣ ኮርነር ላይ ጉልበትን እንዴት እንደሚያስቀድሙ፣ አጥቂ ሊመታ ሲል ትከሻውን እንጂ እግሩን እንዳታይ፣ ሁሉንም ያሳየሁት እኔ ነኝ። «ማዘር» ማለት የጀመረችውም እሷ ናት። ለአክብሮት ነው ትላለች። አሁን ሜዳው ሙሉ ማዘር ይለኛል። ልጅ ሳልወልድ የከተማው እናት ሆንኩ።

ኮች ዛሬ ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁሞ ኳስ ሲመታብን ዋለ። ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ይጽፋል። ሱአድ የሳተችው የለም ማለት ይቻላል። «ጎበዝ ተማሪ አለሽ» አለኝ። ደስ ብሎኛል። አስተማሪ ተማሪው ሲበልጠው ደስ ይለዋል ይባላል።

የካቲት 4

አሸነፍን። አንድ ለባዶ፣ በሜዳችን። ግብ አልገባብኝም።

የስፖርት ኃላፊው ከጨዋታው በኋላ መጥቶ ንግግር አደረገልን። ዘንድሮ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ካደግን በጀቱ ይቀጥላል፤ ካላደግን ግን ቡድኑ ይበተናል። «ከተማው አቅም የለውም እህቶቼ፣ እንድትረዱን ነው» አለ። አምበላችን ሙሉሽ ቆማ «እግዚአብሔር ይረዳናል፣ እርስዎም ይረዱን» አለችው። ሰዉ ሳቀ። ሙሉሽ መሃል ሜዳም ጸሎት ቤትም መሪ ናት፤ አትፈራም።

የካቲት 17

ሳውላ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። የመጀመሪያዋ በእግሬ መሃል ገባች።

በእግሬ መሃል።

የካቲት 19

ኤርሳዶ ገበያ መሃል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፦ «ማዘር፣ ዛሬ ቤትሽን ቆልፈሽ ነው የወጣሽው ወይስ እንደ እሁዱ ክፍት ነው?»

ሳቅኩለት። ካልሳቅኩለት ዓመቱን ሙሉ አይለቀኝም።

ጉልበቴን በሙቅ ውሃ አሸሁ። ለኮች አልነገርኩም። ጉልበቴ አይደለም ግቡን ያስገባብኝ፤ ሜዳው ረግረግ ነበር።

መጋቢት 7

ማሊያውን ለሷ ሰጠ።

ነገ ነው ጨዋታው። አሰላለፍ ሲያነብ መጀመሪያ የበረኛ ስም ነው የሚጠራው፣ ሁልጊዜም። «ሱአድ» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እኔ ታኬታዬን አስሬ ነበር፤ ፈታሁት፣ ደግሜ አሰርኩት። በኋላ ለብቻ ጠርቶኝ «አንቺ ሲኒየር ነሽ፣ ትረጂኛለሽ» አለኝ። ሰው ሊገፋሽ ሲል ነው ትረጂኛለሽ የሚልሽ።

ሱአድ ቤት ድረስ መጣች። በር ላይ ቆማ «ማዘር፣ እኔ አልጠየቅኩም፤ ወላሂ አልጠየቅኩም» ትላለች። ግቢ አልኳት። ሻይ አፈላሁላት። ነገ ፀሐዩ በየት በኩል እንደሚሆን፣ በየትኛው አጋማሽ ዓይኗን እንደሚመታት ነገርኳት። አልተቀየምኩሽም አልኳት። እውነቴን ነው። ልጅቷን ምን አድርጊ እላታለሁ?

አንጀቴ ግን አርሯል። እዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልገኝም።

መጋቢት 8

አሸነፉ። እኔ ወንበር ላይ ነበርኩ። ወንበሩ የፕላስቲክ ነው፣ አንድ እግሩ የተሰበረ። ሰባት ዓመት ሙሉ ማን እንደሚቀመጥበት አላየሁም ነበር።

መጋቢት 23

ትናንት ሱአድ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነች። በቀኝ በኩል፤ የመቺዋን ትከሻ አይታ። ሜዳው ተገለባበጠ። እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ። እየሮጠች ወደ ወንበሩ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «አንቺ ያሳየሽኝ ነው» አለችኝ።

«ዕድልሽ ነው» አልኳት።

ለምን እንዲያ አልኩ? ጎበዝ ብል ምን እሆን ነበር? አንዲት ቃል። ሙሉሽ ሰምታ ዘወር ብላ አየችኝ።

ሚያዝያ 7

እናቴ ጋ፣ ካኮ። ገበያ ቀን ስለሆነ ማሽላ ስትሸጥ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ። ስለ ቡድኑ ምንም አልነገርኳትም፤ ግን ወሬ ከኔ ቀድሞ ደርሷል። ባጃጅ ያለበት አገር ውስጥ ምስጢር የለም።

«ሌላ ልጅ አቆሙ አሉ» አለችኝ በአሪኛ።

«ለጊዜው ነው» አልኳት።

ማሽላውን እየሰፈረች «ኳሱ ካልፈለገሽ አንቺ ምን ትፈልጊዋለሽ?» አለች። ክፋት የላትም፤ ለሷ ነገሩ እንዲሁ ቀላል ነው። ሥራው ባል ይመስል። ከበሩ ውጭ ምን እንደምሠራ አላውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲጠራኝ በረኛዋ እያለ ነው። ይህን ለእናቴ በየትኛውም ቋንቋ መንገር አልችልም።

ግንቦት 4

ረመዳን ከገባ ሳምንት ሆነ። ሱአድ እየጾመች ነው የምትጫወተው። ዛሬ ዝናብ ነበር፤ ኳሱ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። አንድም አልጣለችም። ከረፍት በኋላ ብቻ አንዴ ቋሚውን ተደግፋ ቆመች። ሌላ ሰው አላየም። እኔ ግን እሷን ከማየት ሌላ ሥራ የለኝም።

ኮችን «ልጅቷ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ትወድቅብሃለች» አልኩት።

«እኔም ሁዳዴን ጾሜ ነው ያሠለጠንኳችሁ፤ አልወደቅኩም» አለኝ።

«አንተ ቆመህ ትጮሃለህ እንጂ አትዘልም።»

ሳቀ። ግን ገብቶታል፤ ግንባሩን ሲቋጥር አይቻለሁ። እኔ ለራሷ ብዬ ነው። ታናሽ እህቴ ብትሆንም ይህንኑ ነው የምለው።

ግንቦት 11

አለፍን። ማጠቃለያው አርባ ምንጭ ነው፣ አርብ እና እሁድ ሁለት ጨዋታ። ሁለቱን ያሸነፈ ያድጋል። ኤርሳዶ ባጃጁን አበባ አስሮ፣ ጥሩምባ እየነፋ ከተማውን ዞረ። ማንንም አልሰደበም።

ኮች ስለ አርባ ምንጭ ሙቀት ብቻ ነው የሚያወራው። «እዚያ ውሃ ያልጠጣ ሰው በሃያ ደቂቃ ያልቃል» ይላል። ይህን ሲል ሱአድን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል።

ጓንቴን አጠብኩ።

ግንቦት 14፣ መንገድ ላይ

ወይጦ ላይ አውቶብሱ ለምሳ ቆመ። ሙቀቱ እሳት ነው። ሌሎቹ ምግብ ቤት ገቡ፤ እኔ ጉልበቴን ላፍታታ ብዬ ወደ ፍራፍሬ ሻጮቹ ጀርባ ዞርኩ። ሱአድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ማንጎ ትበላለች። ጭማቂው እስከ ክርኗ ወርዷል። አይታኝ አልደነገጠችም።

«መንገደኛ ይፈቀድለታል ማዘር። ሌላ ቀን ጾሜ እተካዋለሁ። አባዬ ትናንት ደውሎ ቤትሽ እስክትመለሺ መንገደኛ ነሽ፣ ብዪና ተጫወቺ አለኝ።»

ከፍላ ሰጠችኝ። በላሁ። ጥሩ ማንጎ ነበር።

«ለኮች ልንገራቸው? እንዳይጨነቁ» አለችኝ። እሷ ለሱ እሳቸው ነው የምትለው፤ ያሳደጓት እንዲያ ነው።

«ተይው፣ እኔ እነግረዋለሁ» አልኳት።

ማታ እነግረዋለሁ።

ማታ

አልተመቸኝም። ስልክ ላይ ነበር።

ግንቦት 15፣ አርባ ምንጭ

ከልምምድ በኋላ ጠራኝ። «ሱአድ ጾም ላይ ናት» አለ። «በዚህ ሙቀት ሪስክ አልወስድም። ነገ አንቺ ትገቢያለሽ። ለልጅቷ ግን ምክንያቱን እንዳትነግሪያት፤ ስለ ሃይማኖት እኔ አንስቼ ችግር ውስጥ አልገባም። ታክቲክ ነው እላታለሁ።»

ልቤ ዘለለ። ምን ልበል? «እሺ» አልኩት።

ትጾማለች ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ጾም ላይ ናት አለ፣ በቃ፣ ራሱ ጨረሰው። ቢጠይቀኝ እናገር ነበር። ያልተጠየቁትን መመለስ የት ያስተማሩን? ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው።

ማታ ሱአድ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ነገርሽልኝ አይደል? እየበላሁ እንደሆነ?»

«ነግሬዋለሁ» አልኳት። ልነግረው ስለሆነ ያው ነው።

«ታዲያ ለምን ነው?»

«ልምድ ፈልጎ ነው አሉ። ታክቲክ ነው። አንቺ ገና ብዙ ዓመት አለሽ።» አቀፍኳት። ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። ቀጥዬ ደግሞ መከርኳት፦ እዚህ ከተማ ብዙ የናንተ ሰው አለ፤ መንገደኛ መሆንሽን ማን ያውቃል? በአደባባይ ሲያዩሽ አይከፋቸውም? ምግብሽን ክፍልሽ ውስጥ ብዪ አልኳት። ለክብሯ ብዬ ነው። «እውነትሽን ነው» አለች። ያልኳትን ሁሉ ትሰማኛለች፤ ያ ነው የሚያስጠላኝ።

ግንቦት 16

አሸነፍን፣ ሁለት ለባዶ። እኔ ነኝ በሩ ላይ የቆምኩት። አንዷን ከላይኛው ጥግ አወጣኋት፤ ጉልበቴ እንኳ ዝም አለ። ኮች ከዳር «ማዘር!» ብሎ ጮኸ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ደስ አለኝ።

ሙዝና ዳቦ ገዝቼ ለሱአድ ክፍሏ አስገባሁላት። አመሰገነችኝ።

ራት ሳይቀርብ ሙሉሽ እኛን ሰበሰበችን፤ ያለ ሱአድ፣ ያለ ኮች። «ይህን ጨዋታ በእግር ብቻ አናሸንፈውም» አለች። ከነገ ጠዋት ጀምሮ እስከ እሁዱ የመጨረሻ ፊሽካ ጾም ጸሎት ታውጇል፤ እህል የለም፣ ውሃም አፍ ለማርጠብ ያህል ብቻ። «ቡድናችን ሊፈርስ ነው እህቶቼ። አስቴር ሕዝቧ ሊጠፋ ሲል ምን አደረገች? ለኮች ግን አንነግርም። የሱ ጾም ሥጋና ወተት መተው ነው፤ ይህ አይገባውም።»

ሁሉም እሺ አሉ። እኔን አዩኝ፣ ታላቃቸው ነኝና። ጉልበት ያስፈልገናል፣ ሙቀት ነው ማለት እችል ነበር። ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ግን ብጾም ይሻለኛል። ለምን እንደሚሻለኝ እዚህ አልጽፍም።

እሺ አልኩ።

ግንቦት 17

ቁርስ። ኮች እያየ ዳቦውን ቆርሰን በፌስታል ደበቅን። አሳላፊዋ ሳህኑን ስታነሳ ታየናለች። ምሳም እንዲሁ።

ሙሉሽ ከንፈሯ ደርቋል። ትዘምራለች።

ራቴን ለሆቴሉ ድመት ሰጠሁ።

ጸሎት ላይ ሁሉም ጮክ ብለው ይለምናሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ምንም አልወጣልኝም። ጌታ ሆይ ይችን አንዲት ጨዋታ ብቻ ስጠኝ አልኩት በመጨረሻ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ውሰድ። ከጨዋታው በኋላ ለኮች እነግረዋለሁም አልኩት። እሱ ያውቃል።

ኮች በኮሪደሩ ሲያልፍ ለአስተናጋጇ «ያቺን የጾመኛዋን ልጅ ራት በሰዓቷ አስቀምጡላት» ሲላት ሰማሁት። ሱአድ በሩን ዘግታ እየበላች ነበር።

ግንቦት 18፣ ጠዋት

ጭንቅላቴ ቀላል ነው። ታኬታዬን ለማሰር ሁለቴ ሞከርኩ። ጌታ ይረዳናል።

ግንቦት 18፣ ማታ

አልቋል። እጽፈዋለሁ፣ ካልጻፍኩት አልተኛም።

የመጀመሪያው አጋማሽ የኛ ነበር። ሙሉሽ ገና በጊዜ አገባች፤ ተንበርክካ ሰማይ አየች፤ እኛም ሁላችን አመንን። ረፍት ላይ ኮች ውሃ ሲያድል አፋችንን አርጥበን ተፋነው። «ምን ሆናችኋል? ጠጡ እንጂ» አለ። ሱአድ ልብሷን ለብሳ፣ ጓንቷን አድርጋ ከዳር ትዘላለች። ጉንጯ የደም ገንቦ መስሏል። ከኛ መካከል ሰው የምትመስለው እሷ ብቻ ነበረች።

ከረፍት በኋላ ልጆቹ ቆሙ። አልሮጡም። እንደ ቆላ በሬ ቆመው ኳሱ ሲያልፋቸው ያዩታል። ሜዳው ላይ ያለው ሙቀት ከሣሩ ነው የሚወጣው። እጄን ዘርግቼ ተከላካዮቹ ላይ ልጮህ እፈልጋለሁ፤ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። ኮች ከዳር «ማዘር፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። አውራ ጣቴን አነሳሁለት። አልወጣም። ሬሳዬ ይውጣ እንጂ ዛሬ አልወጣም አልኩ በልቤ።

ኮርነር ነበር። ኳሷ ከፍ ብላ መጣች፤ ቀላል ኳስ፤ ሱአድን በመጀመሪያው ቀን ያስቀለብኳት ዓይነት። ዘለልኩ። ዓይኔ ጭልም አለ። እጄ ላይ እንደነካችኝ አውቃለሁ፤ ከዚያ መሬት ላይ ነኝ፣ ኳሷ ከኋላዬ መረብ ውስጥ ናት። አንድ ለአንድ። ሁለተኛዋ መቼ እንደገባች በደንብ አላውቅም። ከሩቅ ነው የተመታችው። አየኋት። እግሬ ግን አልተነሳም።

ፊሽካው ሲነፋ ሙሉሽ መሃል ሜዳ ላይ ወደቀች። የሕክምና ሰዎቹ መጡ። ነርሷ «ምን በልታለች ዛሬ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ አንዷ ልጅ እያለቀሰች «ጾመናል» አለች።

«ማን ነው የጾመው?» አለ ኮች።

«ሁላችንም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ።»

ኮች መሬት ላይ ተቀመጠ። ቆሻሻው ላይ፣ በንጹሕ ሱሪው። ይጮህብናል ብዬ ነበር፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

እኔ ወንበሩ ሥር ተዘርግቼ ነበር። ሱአድ መጣች፣ ከቦርሳዋ ሙዝ አወጣች፤ እኔ የገዛሁላትን። ልጣ አፌ ውስጥ እየከተተች «ብዪ ማዘር፣ ቀስ ብለሽ» ትለኛለች። አንዱን ለኔ፣ አንዱን ሳታስበው ራሷ ገመጠች። ኮች ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ ደግሞ፣ ጾም ላይ አይደለሽም እንዴ?» አላት።

ሱአድ አፏ ውስጥ ሙዝ እንዳለ ቆመች። ኮችን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። ነግሬዋለሁ ብያታለሁ እኮ። ክፍልሽ ውስጥ ብዪ ብያታለሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት፤ ማንጎውን፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ያለቀሰችውን፣ ሁሉንም። እኔ ታኬታዬን አየሁ።

«ረስቼ ነው ኮች» አለች። «ረስቶ የበላ አይቆጠርበትም።»

ኮች ሳቀ፣ ለቅሶ በመሰለ ሳቅ። «አይ ጉድ» አለ፣ «ጾመኛዋ በላች፣ በሊታዎቹ ጾሙ።»

ሱአድ የቀረውን ሙዝ ልጣጩ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ግንቦት 19፣ ከመንገድ በኋላ

ወይጦ ላይ ቆምን። ዛሬ ሁሉም በላ፤ ሰው ሊቀማው የመጣ ይመስል እየተስገበገበ። ሱአድ ከአውቶብሱ አልወረደችም። ኮች ውሃ ይዞ ወጣና «ለዛሬ እንኳ ጠጪ፣ ሙቀቱን አታይም?» አላት።

«ጾም ላይ ነኝ» አለችው።

ዛሬም መንገደኛ ናት። ዛሬም ይፈቀድላታል። ግን አንዴ ጾመኛ ናት ተብላለች፤ ትናንት ረሳሁ ያለች ልጅ ዛሬ እንዴት ብላ ትጠጣ? እኔን ላታጋልጥ ብላ የውሃ ጥሙን ችላ ተቀመጠች። ማንጎ ገዝቼ ወጣሁ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ብዪ፣ ማንም አያይም» አልኳት።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ አረጋሽ» አለችኝ።

አረጋሽ አለችኝ። ማዘር አላለችኝም።

አፈርኩ። ተነስቼ ወደ ፊት ሄጄ ለኮች ልነግረው ነበር፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው ልነግረው ነበር። ተኝቶ አገኘሁት። ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል?

ግንቦት 28

ትናንት ኢድ ነበር። ሱአድ ኦሞራቴ አባቷ ጋ ሄዳለች። ስልክ ደወልኩ፣ አላነሳችም።

ቡድኑ ተበተነ። ኃላፊው ራሱ አልመጣም፤ ለላከው ሰው ማሊያዎቹን አስረከብን። ሙሉሽ ከሆስፒታል ወጥታ ጸሎት ቤት ፊት ቆማ ይቅርታ ጠየቀች፣ በሰው ሁሉ ፊት፤ ያስራብኳቸው እኔ ነኝ አለች። ጉባኤው አለቀሰ፣ አቅፈው ሳሟት። እኔ ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ ነበር። እንዴት ቢቀላት ነው እንደዚያ በአንድ ትንፋሽ ያወጣችው? እሷ ግን የተሳሳተችው ነገር ሰው ፊት የሚነገር ዓይነት ነው።

ኤርሳዶ ዛሬ ባጃጁን አቁሞ በነፃ ቤት አደረሰኝ። ምንም ቀልድ አልተናገረም። ከስድቡ የባሰ ነገር ነው።

ሰኔ 12

ኮች ከሀዋሳ ደወለ። አዲስ ቡድን ይዟል፤ ትልቅ አይደለም፣ ግን ደመወዝ አለው። በረኛ ይፈልጋል፣ አንድ ብቻ። «ያኔ ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም» አለኝ፤ «ሙሉሽ ናት በረሃብ የጣለቻችሁ።» አይደለም አላልኩትም።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ አረጋሽ» አለ። «ሱአድ ትበልጥሻለች። በጣም ትበልጥሻለች። ግን የሚመጣው ዓመት ማጠቃለያም ረመዳን ላይ ነው የሚወድቀው። ግንቦት ላይ በረኛ ሊጠፋብኝ አይችልም። አንቺ ትቀርቢያታለሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ መንገድ ላይም ትጾማለች አይደል?»

ዛሬ ጠየቀኝ።

መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ማረፊያው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ በረኛው ወንድ ልጅ ነው፣ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ኮች «አለሽ?» አለ። «አለሁ» አልኩት።

«ሃይማኖቷ ነው እንግዲህ» አልኩት። «ምን ታድርግ።»

«አውቄ ነበር» አለ። «በቃ ሰኞ ነይ።»

ሰኞ እሄዳለሁ። እናቴ ካኮ ላይ አውቶብሱን ጠብቃ ልትሸኘኝ ነው። ጓንቴን አጥቤ ሽቦው ላይ አስጥቼዋለሁ፤ ዝናብ ካልመጣ እስከ ነገ ይደርቃል።